ሰላምታ ያስቀነሰው ነጥብ

መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አክስቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ባለፈው ክረምት መራመድ ከብዷቸዋል ብለው ሰዎች ነግረውኝ ልቤ ተሰቅሎ ነበር፤ አሁን ተሽሎዎት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው እንደሚመለሱ ስሰማ እፎይ አልኩ። ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? የፍቼ ብርድ በባዶ ሆድ እንደማይቻል አውቃለሁና ጋቢዎን እንዳይለዩት። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሚሊዮን እጅ ይነሳል። እኔ ዘንድሮ አልጾምኩም፤ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ ነው፣ ሐኪሟም እንዲሁ ብላኛለች። ታማ ነው ብለው እንዳይደነግጡ፣ አልታመምኩም።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ ያውቁታል። ስደውል የሚያነሱት ጎረቤትዎ ናቸው፤ ሁልጊዜ ቅዳሴ ሄደዋል ይሉኛል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደውዬም ቅዳሴ ነዎት። አልፈርድብዎትም። ደግሞም ድሮ እርስዎ ራስዎ በስልክ የተባለ ነገር አይያዝልኝም፣ ጽፋችሁ ላኩልኝ ይሉ ነበር። ይኸው ጽፌያለሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልዎት ድንቅነሽ ጎረቤታችን ናት፤ በየሳምንቱ ፍቼ ትመላለሳለችና መልስ ካለዎት ለእሷ ይስጧት።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ የምፈልገውን ከመጀመሪያው ልንገርዎት። እንዲመጡልኝ ነው የምፈልገው። ከአባዬ አርባ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጥፋቴ ምን ያህል እንደነበር በደንብ የገባኝ ግን ባለፈው ጥር ነው፤ ያስረዱኝም አንድ መጋረጃ ሳቢ ናቸው። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላልና መነጽርዎን አድርገው ያንብቡልኝ።

አሁን የምሠራውን ሥራ ለሰው ሳስረዳ ሁሉም ግንባሩን ያኮማትራል። አባዬ ቴአትር ቤት መብራት ክፍል ሠላሳ ዓመት መሥራቱን ያውቃሉ። ቤት ሲገባ ሁልጊዜ የሚያማርረው ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ መድረክ አስተዳዳሪው። ተመልካች የማያየው፣ መድረኩ ጥግ ጨለማ ውስጥ ሆኖ መብራቱን አሁን አብራ፣ ድምፁን አሁን ልቀቅ፣ አንቺ አሁን ግቢ፣ መጋረጃ አሁን ዝጋ የሚለው ሰው ነው። ሥራውን ሲችልበት ማንም ስሙን አያነሳም፤ ሲያቅተው ግን አዳራሹ ሁሉ ያውቅበታል። አባዬ አዲስ በመጣ ቁጥር የሚማረው በእኛ ጀርባ ላይ ነው ይል ነበር። ከሞተ በኋላ ይህች ንግግሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። አየር መንገድ አብራሪዎቹን መጀመሪያ መሬት ላይ በተቀመጠ ማሽን ያለማምዳል። መድረክ አስተዳዳሪስ ሰው ፊት ከመዋረዱ በፊት ኮምፒውተር ላይ የሚለማመድበት ፕሮግራም ለምን አይኖረውም አልኩ።

ከኤባ ጋር ጀመርነው። ኤባ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ የቡራዩ ልጅ ነው፤ ሥዕሉንም ኮዱንም ይችላል፣ ጠዋት መነሳት ብቻ አይችልም። ኮልፌ ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ የብረት በር ሠሪ ወርክሾፕ በላይ ክፍል ተከራየን። ስክሪኑ ላይ መድረክ ይታያል። ከመድረኩ ጀርባ ትንንሽ ሰዎች አሉ፤ አንዱ መብራቱ ጋ፣ አንዱ ድምፁ ጋ፣ አንዱ መጋረጃው ጋ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ተዋንያንም አሉ። ተለማማጁ ማይክ ያለው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ድርሰቱን ፊቱ ዘርግቶ ያዛቸዋል። ፕሮግራሙ ድምፁን ሰምቶ ይታዘዛል፣ ሰዓቱን ይለካል፣ መጨረሻ ላይ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። መጀመሪያ ሰሞን የታችኛው ቤት መዶሻ እንደ ትእዛዝ እየተቆጠረ በየደቂቃው መጋረጃ ይዘጋብን ነበር። ኤባ መብራት የሚጠፋበትንም አስገባ፣ ዋናዋ ተዋናይ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቀርበትንም አስገባ። «ይሄ ከሌለማ የአዲስ አበባ ቴአትር አይሆንም» አለኝ። አባዬ ቢያየው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

አንድ የቴአትር አዳራሽ ሥራችንን ወደደልንና መጀመሪያ አንድ ጀማሪ አሠልጥናችሁ አሳዩን፣ ከተሳካ በግንቦት አሥራ ሁለት ሰው እንልክላችኋለን አለን። የተላከችልን ማራኪ የምትባል የሳንሱሲ ልጅ ናት። ፈጣን ናት፣ የነገሯትን አትረሳም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠና ስምንት ከመቶ አመጣች። እኔማ ነጥቧን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ያውቁኝ የለ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ቀኑ የጥር መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እውነተኛ ቴአትር፣ ከፍሎ የገባ ተመልካች። ማራኪ በሰዓቷ መጣች፣ ቦታዋን ያዘች፣ ማዳመጫዋን አጠለቀች፣ ማዘዝ ጀመረች። እኔና ኤባ ከኋላዋ ቆመን ደስታችንን በክርን እየተጓሸምን እንነጋገራለን። አንድም ቦታ አልሳተችም። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ እናትየዋ ትሞታለች፣ ልጆቿ ያለቅሳሉ፣ መጋረጃ ይዘጋል። ማራኪ መጋረጃ ተዘጋጅ አለች። ቀጥላም መጋረጃ ዝጋ አለች። መጋረጃው ንቅንቅ አላለም። ደገመች፣ ሠለሰች። ልጆቹ አልቅሰው ጨረሱና የሚሉት አጥተው እንደ አዲስ ጀመሩ። ሟቿ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ወደ እኛ አየች። ምን ታድርግ፣ በመጨረሻ ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ወደ መጋረጃው ሮጥኩ። ሳቢው አቶ ወዬሳ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ያንን ገመድ ሃያ ስድስት ዓመት ስበዋል። ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ደንግጬ አመመዎት እንዴ አልኳቸው። ደህና ነኝ አሉ። ታዲያ ለምን አልዘጉም ስላቸው ምን አሉኝ መሰለዎት፣ «ልጅቷ ከገባች ጀምራ የምታወራው ከመጋረጃው ጋር ነው። መጋረጃ ተዘጋጅ ትላለች፣ መጋረጃ ዝጋ ትላለች። እኔን ያናገረኝ የለም። መጋረጃው ምን ብሎ እንደሚመልስላት እየጠበቅኩ ነው።» ቆጣ እንኳን አላሉም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትገባ ብድግ ብዬላት ነበር» አሉኝ።

ማራኪን ልቆጣት መልበሻ ክፍል ሄድኩ። ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ምን ነካሽ፣ አባትሽ የሚሆኑ ሰው ብድግ ሲሉልሽ እንዴት ሰላም ሳትያቸው ታልፊያለሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ነጥብ ይቀንሳላ» አለችኝ።

በነጋታው ኤባ የልምምዷን መዝገብ ከፈተው። በመጀመሪያው ቀን ማራኪ ለስክሪኑ ሰዎች በሙሉ ሰላምታ ሰጥታለች። የመጋረጃውን ሰውዬማ አባባ እንደምን ዋሉ ብላዋለች፤ ያስቡት እንግዲህ፣ ለሥዕል። ፕሮግራሙ አላስፈላጊ ንግግር ብሎ በእያንዳንዱ ሰላምታ ሁለት ነጥብ ቀንሶባታል። በሁለተኛው ቀን አንዱን ብቻ ሰላም አለች። በአራተኛው ቀን ማንንም አላለችም። ልጅቷ ከእናት ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችውን ያስጣልናት እኛ ነን። ያንን የነጥብ መቀነሻ በገዛ እጄ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ኤባ ይሄስ ይቅር ቢለኝ፣ የምንለካው ፍጥነት ነው ብዬ አፉን አስይዤዋለሁ።

ቴአትሩ የተበላሸ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት እርስዎ ነበሩ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጦር ኃይሎች ወርጄ የኮልፌን ታክሲ ስጠብቅ ገባኝና እዚያው ሰልፍ ላይ እንደ ቆምኩ እንባዬ መጣ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ታክሲ ያጣሁ መስሏት አይዞሽ አሁን ይመጣል አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ በሠርግም በሐዘንም ድግስ ሲያሳልፉ ከኋላ ከኋላዎ እከተል ነበር። ድንኳን ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተቀምጦ እርስዎ ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። ነጠላዎን ወገብዎ ላይ ያሸርጡና መጀመሪያ አንድ ዙር ይዞራሉ። ወጥ ጨላፊዋን ክርኗን ነካ አድርገው ልጇ ተሽሎት እንደሆነ ይጠይቋታል። ጠላ ቀጂውን በስሙ ጠርተው እግሩ እንዴት እንደሆነለት ይጠይቁታል። ውኃ አመላላሿን ዓይኗን ብቻ አይተው የሆነ ሰው ተናግሯታል ይላሉ፤ ማን እንደሆነም ሳይጠይቁ አጠገብዎ አስቀምጠው ያጎርሷታል። እኛ ልጆቹ እትዬ ሥራ ፈትተው ወሬ ያወራሉ እያልን እንስቅብዎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዞር ብለው ሲያዩ ሳህኑ ይነሳል፣ ወጡ ይደርሳል፣ ካህናቱ በጊዜያቸው ይገባሉ። ለእኔና ለኤባ ስንት ወር የፈጀብን ነገር ሁሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ እንደነበረ አሁን ነው የታየኝ።

የአባዬ አርባ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር የደረሱልኝ፤ በርበሬውንም ሽሮውንም ተሸክመው። እኔ ደግሞ የደንብ ልብስ የሚለብሱ አስተናጋጆች ያሉት ድርጅት ተከራይቻለሁ፣ በሰዓት የተከፋፈለ ዝርዝር ይዤ እሯሯጣለሁ። ስድስት ሰዓት ጸሎት፣ ስድስት ተኩል ካህናት፣ ሰባት ሰዓት ዕድር። ያን ጠዋት ነጠላዎን አሸርጠው ደጅ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ ደህና አደሩ እንኳን አላልኩዎትም። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል፣ እርስዎ ዛሬ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡ አልኩዎት። ማሳረፌ መስሎኝ ነበር። ነጠላዎን ከወገብዎ ፈቱ፣ አጥፈው ትከሻዎ ላይ ጣል አደረጉና ሄደው ከሰው መካከል ተቀመጡ። ይህንን አይቻለሁ። አይቼም አለፍኩ።

የቀረውን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ። በር ላይ የቆሙት ነዳያን ዝርዝሬ ውስጥ አልነበሩም። ለአባዬ ነፍስ ብዬ ደግሼ፣ ለነፍሱ የሚለምኑለትን ረስቼ ለዕድሩ ሰብሳቢ ወንበር ሳማርጥ ነበር። አስተናጋጆቹ ካልተጠራ ሰው አናስገባም ብለው በሩን ዘጉ። እርስዎ የራስዎን ሳህን ይዘው ወደ በሩ ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኘሁዎትና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሥርዓት እያበላሹብኝ ነው አልኩዎት። ለአባዬ ታላቅ እህት፣ በአባዬ ቤት። በሩን ራስዎ ከፍተው ሳህኑን ሰጡ፣ ባዶውን ይዘው ተመለሱ፣ እጅዎን ታጠቡ፤ የዚያኑ ዕለት ፍቼ ገቡ። አራት ዓመት ሙሉ እትዬ በትንሽ ነገር አኮረፉ እያልኩ ለሰው ስናገር ኖርኩ። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማቀርበው ሰበብ የለኝም።

ፕሮግራሙን አፍርሰን ሠራነው። አሁን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ተለማማጁ ሁሉንም ሰው ዞሮ ካናገረ በኋላ ነው። የስክሪኑ ሰዎች ስም ወጥቶላቸዋል። አንዱ ልጁ ታሞበታል፣ አንዷ ትናንት ሰው ፊት ተወቅሳለች፣ አንዱ ምሳ አልበላም፤ ጉዳያቸውም በየቀኑ ይለዋወጣል። ሳያናግራቸው ካለፈ እሺ ይሉታል፣ እጃቸው ግን ይዘገያል። ማን በምን እንደሚከፋ፣ በምን እንደሚጽናና ከየት እናምጣው ብለን አቶ ወዬሳን ለመንናቸው። ደረጃችንን እየረገሙ ወጡ። የስክሪኑን ሰዎች አንድ በአንድ አዩና፣ «እኔ የማውቀው ገመዴን ነው። ይሄ ነገር ድግስ ያሳለፈ ሰው ይፈልጋል» አሉ። ኤባ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ስለ እርስዎ ነገርኳቸው። አቶ ወዬሳ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሴትዮዋ አሁን የት ናቸው አሉኝ። ፍቼ ናቸው አልኩ። ኮልፌ የወንድማቸው ልጅ እያለች ፍቼ ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ ብለው ጠየቁኝ።

ኤባ በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ሳለ። የመጀመሪያውን ትምህርት የምትሰጠው እሷ ናት፤ ተለማማጁ ከኋላዋ እየተከተለ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፣ እንዴት እንደምትጠይቃቸው ይሰማል። ስሟን እትዬ ብሏታል። እርስዎን አይቶዎት ስለማያውቅ መልኳ እርስዎን አይመስልም፤ አረማመዷን ግን እኔ ክፍሉ ውስጥ እየተራመድኩ አሳይቼው ይዞታል። ያስቸገረን የነጠላው አሸራረጥ ነው። አምስት ጊዜ ቀየረው፣ አሁንም ለሥራ የታጠቀች ሳይሆን ሰው ያሰራት ትመስላለች። እኔው ላሳየው ብዬ ወገቤ ላይ ብሞክር ዘንድሮ ወገቤም አልታዘዝ አለኝ። ከታች የሚመጣው የበር ቀለም ሽታም አላስቀምጠኝ ስላለ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አድርገውልኛል፤ ኮምፒውተሩንም ጠዋት ጠዋት የሚሸከምልኝ ሚሊዮን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማራኪ ያንኑ ቴአትር ደገመችው። አንድ ሰዓት ቀድማ መጥታ ዞረች። አቶ ወዬሳ ጋ ስትደርስ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ ስትል ቀድመው ትከሻዋን ያዟት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ረጅም ነበር። እኔ ሰዓቴን አየሁ፣ አመል ነው። በመጨረሻው ትዕይንት እናትየዋ ሞተች፣ ልጆቹ አለቀሱ። ማራኪ በማዳመጫው አባባ ወዬሳ ይዘጋጁ አለች፣ ትንሽ ቆየችና ይዝጉልኝ አለች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ መጋረጃው ተገጠመ። ሟቿ እዚያው እንደ ተኛች ከመጋረጃው ጀርባ ስታጨበጭብ አየኋት። ስንወጣ አቶ ወዬሳ ለኤባ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉለት። ምን አሉህ ስለው፣ ልጅቷ ሰው ሆናለች፣ ማሽናችሁም ሰው ሊሆን ነው ብለውኛል አለኝ። አዳራሹ ቃሉን ጠብቋል፤ አሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች በግንቦት ይመጣሉ።

ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይምጡልኝ። ያቺን የስክሪን ሴት ቁጭ ብለው ይዩዋት፣ እንዲህ አይባልም፣ እንዲህ አይጠየቅም ብለው ኤባን ይገሥጹት፤ ነጠላውንም ያሳዩት። ማራኪም ስለ እርስዎ ስትሰማ መምጫዎትን መቁጠር ጀምራለች። ሚሊዮን መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል። ደረጃው አሥራ አራት ነው፣ ለጉልበትዎ መሃል ላይ ወንበር አስቀምጠናል። እስከዚያው እኔ እያረፍኩበት ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ዓመት እኔና ሚሊዮን ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ስንጋባ ድግስ አልደገስንም። ለሰው ሁሉ ኑሮው ተወዷል፣ ጊዜው አይደለም አልን። እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎ የማይዞሩበት ድንኳን ለመትከል ፊት አጣሁ። ሠርግ ሳይደገስ ይታለፋል። ይሄኛውን ግን ማለፍ አልችልም። ቀኑን አሁን ቁርጥ አድርጌ ልነግርዎት አልቻልኩም፤ ወይ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፣ ወይ ኅዳር መግቢያ ላይ። ክርስትናው በአርባ ይሁን በሰማንያ ገና አላወቅንም። ያኛውን አርባ እኔ አበላሸሁብዎት። ይሄንን እርስዎ ያሳልፉልኝ። እኔ ወረቀት አልይዝም፣ የውጪውን በር ከጠዋት ጀምሬ እከፍተዋለሁ።

የሰላሌዋ እመቤቴ ማርያም ጉልበትዎን ታጽናልኝ፣ እስክንገናኝ በጤና ታቆይልኝ። ለእኔም በጸሎትዎ አንድ ቃል ይጨምሩልኝ፤ ዘንድሮ ለሁለት ያስፈልገኛል። ጎረቤትዎንም ሰላም ይበሉልኝ፣ ስልኩን ስላነሱልኝ።

ከእንግዲህ ደህና አደሩ ሳትል የማታልፍዎት፣
የወንድምዎ ልጅ